ጥይቷ የት ታርፋለች?

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሌሊት የዶሮ መኖ የማስቀምጥበትን መጋዘን ከፍቼ ባትሪ አበራሁ። ጆንያዎቹ ላይ ስንት አይጥ እንደነበረ አልቆጠርኩም። ድምፁን ግን አልረሳውም። ቆርቆሮ ላይ ሽምብራ የሚዘራ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ሲበታተኑ አንዷ በጫማዬ ላይ አልፋ ሄደች። ጠዋት ስመዝን ከአንዱ ጆንያ ብቻ ከአራት ኪሎ በላይ ጎድሏል። የተረፈውንም ሽንታቸው ነክቶት ስለነበር ለዶሮ ለመስጠት ፈራሁ።

የምኖረው ከለገጣፎ አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ሦስት መቶ የሚሆኑ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከቤቱ ጀርባ ድንች የምንተክልባት ቁራሽ መሬትም አለች። አባቴ ይህን ቦታ ሲይዝ ዙሪያው ጤፍና ስንዴ ነበር። ዛሬ በአንድ በኩል ግንብ አጥር ያለው ቪላ፣ በሌላ በኩል ጅምር ፎቅ፣ መሐል ላይ እንደኛ ያሉ ሁለት ሦስት የቀሩ ጓሮዎች ናቸው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ስለ ጠመንጃ ልጽፍ ነው፤ ስለ ጠመንጃ ከማውራት በፊት ደግሞ ዙሪያህ ማን እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

መርዝ ሞክሬያለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከገበያ የገዛሁትን የአይጥ መርዝ በበቆሎ ዱቄት ለውሼ በየጥጉ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ስምንት ዓመት ያሳደገቻት ድመት ማድቤት ደጃፍ ላይ ሞታ ተገኘች። ድመቷ መርዙን አልነካችም። መርዙን የበላ አይጥ ነው የበላችው። እማዬ አልተቆጣችኝም። በአሮጌ ነጠላዋ ጠቅልላ ራሷ ቀበረቻት። ያ ዝምታዋ ከቁጣ በላይ ተሰማኝ። መርዝ የበላ አይጥ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ጭልፊትም ጥንብ አንሳም ያነሳዋል። ቄራና ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የምናያት ትንሿ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ገብታለች። ከሚጨርሷት ነገሮች ዋናው መርዝ ነው።

ስለዚህ መርዙ ቀረ። ያኔ ነው የአባቴ ጠመንጃ ትዝ ያለችኝ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠመንጃዋ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልላ ነበር የምትቀመጠው። የቼኮዝሎቫኪያ ሥሪት ናት፣ ቱቦዋ ላይ «ብርኖ» የሚል ተቀርጾባታል። አምስት ጎራሽ፣ ባለ ሃያ ሁለት፤ ማለትም የጥይቷ ስፋት 0.22 ኢንች የሆነ። ልጅ ሆኜ አንዳንድ እሑድ ከባሕር ዛፉ ማዶ ይዞኝ ይሄድና ቦረቦሩ ውስጥ የቲማቲም ጣሳ ደርድሮ ይተኩሳል። ከኋላችን ሜዳ፣ ከፊታችን ቁመቱ ከሰው በእጥፍ የሚበልጥ የአፈር ግድግዳ። አንድ ቀን ቃታውን ስቦ «ቀጭ» አለ እንጂ አልተኮሰም። እኔ ተነስቼ ልጠጋ ስል በግራ እጁ ደረቴን ያዘኝ። አፈሙዟን ከግድግዳው ላይ ሳያነሳ በዝግታ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሠላሳ እስኪደርስ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ከፍቶ ጥይቷን በመዳፉ ላይ አሳየኝ። ጠርዟ ላይ የጠመንጃዋ መርፌ የመታበት ጠባሳ ነበረባት። ለምን እንደቆጠረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያልፈነዳ ጥይት አንዳንዴ ዘግይቶ ይፈነዳል። ያን ጊዜ መቀርቀሪያው ክፍት ከሆነ የሚፈነዳው ፊትህ ላይ ነው።

እኛ አገር የጠመንጃ ስም ከፈጠረው ሰው ስም ተቆርጦ የመጣ ብዙ ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራስ። ስናድር የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር። እነዚህ የጦር ሜዳ ጠመንጃዎች ናቸው፣ በሽለላና በፉከራ የተዘመረላቸው። የአባቴ ዓይነቷ ግን ዘሯ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር የሚባል ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠሪ ቤት ውስጥ ለመጫወቻ የምትሆን ትንሽ ጥይት ሠራ። ባሩድ እንኳ የላትም ነበር፣ እርሳሷን የሚገፋት እሳት ጫሪው ቅመም ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምትታወቀው ረጅሟ ሃያ ሁለት ከዚያ ዘር ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ ስቲቨንስ የተባለ ፋብሪካ አወጣት። ከዚያ ወዲህ መልኳ ብዙም አልተለወጠም።

ልቤ ወደ ጠመንጃዋ ቢሄድም እጄ ግን አልሄደም። መጀመሪያ የሄድኩት ፖሊስ ጣቢያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። የአባቴ ፈቃድ ደግሞ የአባቴ ነበር። ቤቱ ይወረሳል፣ ላሙ ይወረሳል፣ ፈቃዱ አይወረስም። መኮንኑ ይህንኑ አስረድተውኝ፣ ጉዳዩ በስሜ እስኪያልቅ ጠመንጃዋን በአደራ ተቀበሉኝና ደረሰኝ ጻፉልኝ። ምልልሱ አድካሚ ነበር። አንድ ፎቶ ጎደለ ተብዬ ሁለት ቀን ተመልሻለሁ። ሆኖም ዛሬም ለማንም የምለው ይህንኑ ነው። ሰው ሳያይ ሥራዬን ልጨርስ ብሎ የሚጀምር ሰው መጨረሻው አያምርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው በማዕረጋቸው ነው፣ እኔም እንደዚያው። በወጣትነታቸው ክፍለ ጦራቸውን ወክለው ኢላማ ይተኩሱ ነበር። አንድ ማታ ቡና ላይ ሐሳቤን ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ልትመታ ነው?» አሉኝ።

«አይጥ።»

«የት ቆመህ?»

«መጋዘኑ በር ላይ።»

«ከአይጧ ጀርባ ምን አለ?»

«ቆርቆሮ።»

«ከቆርቆሮው ጀርባስ?»

ትንሽ ዝም አልኩ። «የነእትዬ ማድቤት።»

«እንግዲህ የምትመታው ማድቤቱን ነው» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ማየት የጀመርኩት። ሰው «አስተማማኝ ጠመንጃ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ጥይት ውስጡ ተቀርቅሮ የማይነክስ፣ የማይከሽፍ፣ ያነጣጠሩበትን የሚመታ ጠመንጃ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሃምሳ አለቃ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥይቷ ከሳተች የት እንደምታርፍ ነው። ብትመታም እንኳ አልፋ የት እንደምትሄድ።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። የሃያ ሁለት እርሳስ ብዙውን ጊዜ 2.6 ግራም ትመዝናለች። ከአፈሙዝ ስትወጣ ፍጥነቷ በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ነው፣ ፈጠን ያለው ዓይነት 380 ይደርሳል። ጉልበቷ ወደ 140 ጁል ይሆናል። ጁል ምን እንደሆነ ለማይጨበጥለት ሰው እንዲህ ልበለው፤ አንድ ኪሎ መዶሻ ከ14 ሜትር ከፍታ ስትለቀው መሬት የሚመታበት ጉልበት ነው። የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል ስለሆነ ሃያ ሁለት አጠገቡ ስትቀመጥ ጨዋታ ትመስላለች። ነገር ግን ይህች «ጨዋታ» ወደ ላይ ተነጣጥራ ከተለቀቀች ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች። ሄዳም ሰው ትጎዳለች። እርሳስ ስለሆነች ድንጋይ ወይም ውኃ በጠባብ ማዕዘን ስትመታ ነጥራ አቅጣጫዋን ትቀይራለች።

በማግስቱ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ካርታው ላይ ከመጋዘኔ በር ጀምሮ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ለካሁና ክብ አሰብኩ። ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። በ40 ሜትር ማድቤቱ። በ180 ሜትር ሠራተኞች ኮንክሪት የሚሞሉበት ጅምር ፎቅ። በ600 ሜትር የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ዕረፍት ወጥተው ገመድ ይዘላሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አስፋልቱ። ሚኒባስ ሰው ያወርዳል፣ ሴቶች በፌስታል ሽንኩርት ይዘው ይሻገራሉ። ክቡ ውስጥ ሰው የሌለበት አቅጣጫ ፈልጌ አጣሁ። አባቴ ይተኩስበት የነበረው ቦረቦር እንኳ ተደልድሎ መንገድ ወጥቶበታል።

ወደ ቤት ስመለስ ሃምሳ አለቃ አጥራቸው ላይ ነበሩ። የለካሁትን ነገርኳቸው። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አበው» አሉኝ። «ከአፈሙዝ የወጣም ያው ነው።»

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሃያ ሁለትን ለማጣጣል አይደለም። ቦታ ላለው ሰው፣ ጀርባው ተራራ ወይም ረጅም የአፈር ግድብ ለሆነ ሰው፣ ከእሷ የተሻለ የኢላማ መማሪያ የለም። ኦሊምፒክ ላይ በ50 ሜትር የሚተኮሰው በእሷ ነው። የኢላማው መሐል፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ፣ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል ማለት ነው። ብዙዎቹ በዚያ ደረጃ የሚተኩሱት በጀርመኑ አንሹትዝ ወይም በቫልተር ሲሆን፣ ለጓሮና ለመለማመጃ ደግሞ የቼኮቹ ሲዜድ 452 እና ከእሱ በኋላ የመጡት 455 እና 457 ስማቸው በደግ ይነሳል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሩገር 10/22 የሚሉትን በራሱ የሚጎርስ ይወዳሉ።

ከነዚህ ምረጥ ብባል በእጅ የሚቀባበለውን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በራሱ የሚጎርሰው ጠመንጃ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ የሚገፋው የጥይቷ ጉልበት ነው። ጥይቷ ደካማ ከሆነች ወይም ውስጡ በጥላሸትና በሰም ከቆሸሸ ይነክሳል። የሃያ ሁለት እርሳስ ደግሞ ሰም ወይም ቅባት የተቀባች ስለሆነች ማቆሸሽ ጠባይዋ ነው። በእጅ የሚቀባበለው ይህን ሁሉ ይችላል። እያንዳንዷን ተኩስ አስበህ እንድትተኩስም ያስገድድሃል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ጠመንጃ ሲገዛ ቱቦውን ያያል፣ እንጨቱን ይዳስሳል፣ ጥይቱን ይረሳል። ሃያ ሁለት ላይ ግን የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ ነው። የትልቁ ጥይት እሳት ጫሪ ቅመም ቀለሁ መሐል በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። የሃያ ሁለት ግን በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያውን የተቀባ ነው። መርፌው የሚመታው ያንን ጠርዝ ነው። ቅመሙ አንድ ቦታ ላይ ከሳሳ ወይም እርጥበት ከገባው «ቀጭ» ይልና ይቀራል። አባቴ በመዳፉ ያሳየኝ እሱን ነበር። ስለዚህ ጥይቱን በደንብ የምታገኝበት ሕጋዊ መንገድ ከሌለህ ጠመንጃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። እኔ በሕጋዊ መንገድ አጠያይቄ አላገኘሁም። ከቁም ሣጥኑ የወጣው ፓኬት ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ እሱም ከጠመንጃዋ ጋር በአደራ ገብቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ሃያ ሁለት ላይ ቃታ መሳብ ለብዙዎቹ አይበጅም። ጥይት ከሌለ መርፌው በቀጥታ የቱቦውን የኋላ አፍ ጠርዝ ይመታል፣ ውሎ አድሮ ያደነዝዘዋል። ቱቦው ራሱ ግን በእርሳስ ጥይት ቶሎ አያልቅም። ያረጀ ጠመንጃ ስታይ የሚያሳስበው ብዙ ከመተኮሱ ይልቅ በዝገትና በመጥፎ መወልወያ ዘንግ መጎዳቱ ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ጥይቷን ታጣምማለች።

እንግዲህ ለእኔ ቦታ የቀረው የአየር ጠመንጃ ነበር። ከአንድ ጡረተኛ መምህር አንዷን አገኘሁ፤ ወረቀቱ አልቆ ፖሊስ «ይሁን» እስኪለኝ ድረስ አልነካኋትም። ቱቦዋን ወደ ታች ሰብረህ ስታጥፋት ውስጧ ያለ ጠንካራ ሞላ ይጨመቃል። ቃታ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይወረውራል፣ ፒስተኑ አየሩን ያፍናል፣ አየሩ እርሳሷን ይገፋል። ባሩድ የለ፣ ቀለህ የለ። የእኔዋ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ እርሳሷ ግማሽ ግራም ያህል ብትመዝን ነው። 5.5 የሚባለው ከፍ ያለ መጠንም አለ። እንግሊዝ አገር ያለ ፈቃድ የሚያዘው የአየር ጠመንጃ ጉልበት ጣሪያው 16 ጁል ገደማ ነው። መዶሻዋን አስታውሱ፤ ከ14 ሜትር የነበረችው አሁን ከሰው ቁመት እንደተለቀቀች ማለት ነው። ይህም ቢሆን ዓይን ያጠፋል፣ በቅርብ ሥጋ ይበሳል። መጫወቻ የሚሏት ሰዎች ይሳሳታሉ። ልዩነቱ ከሳተች የምትሄደው ርቀት በጣም አጭር መሆኑና ጥሩ ጣውላ የሚያቆማት መሆኑ ነው።

የኛ አገር ከፍታም ጉዳይ አለው፣ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። እኛ ያለንበት 2,500 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባለ ሞላዋ ጠመንጃ የምታፍነው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ስትወጣ ፋብሪካው ከጻፈው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ትላለች። የባሩዷ ሃያ ሁለት ግን ጉልበቷን ይዛ ስለምትወጣ፣ የሳሳው አየር ደግሞ ብዙም ስለማይይዛት፣ እዚህ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ትርቃለች። አውሮፓ ተጽፎ የመጣ የርቀት ሰንጠረዥ ላይ ተማምኖ ደጋ ላይ መተኮስ ለዚህ ነው የማይገባው።

ሃምሳ አለቃ ጓሮዬ ውስጥ መተኮሻ ቦታ አበጁልኝ። አሥር ሜትር በክር ለካን። ጫፉ ላይ አፈር የሞላባቸው ስድስት ማዳበሪያ ጆንያዎች፣ ከፊታቸው ወፍራም የጽድ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ ወረቀት። ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሜትር የሚተኮሰው በዚሁ በ4.5 ሚሊ ሜትር ነው። የኢላማው አሥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጠብጣብ ናት። እኔ ወረቀቱ ላይ ነጠብጣቧን ማየት ራሱ አቃተኝ።

የመጀመሪያ ቀን አሥር እርሳስ ተኩሼ ወረቀቱ ላይ እንደ ፈንጣጣ ተበተነ። ጥፋቱ የእሷ መስሎኝ ነበር። ሃምሳ አለቃ ያዟት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ አምስት ተኮሱ። አምስቱም በአንድ ብር ሳንቲም ይሸፈናሉ። ከዚያ እጄን አዩትና «አንቀሃታል» አሉኝ። ባለ ሞላ ጠመንጃ ስትተኩስ ሁለቴ ትነቀነቃለች፤ ሞላው ሲለቀቅ ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ሲያርፍ ወደ ፊት። እርሳሷ ገና ቱቦው ውስጥ ሆና ነው ይህ የሚሆነው። አጥብቀህ ከያዝካት ንዝረቷ በየጊዜው ይለያያል። በክፍት መዳፍ ላይ አሳርፈህ እንደ ፈለገች እንድትንቀሳቀስ ስትተዋት ሁሌም አንድ ዓይነት ትሆናለች። በዚህች አንዲት ምክር ብቻ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቴ ላይ ያለው ብትን በግማሽ ቀነሰ። ለተራ ጠመንጃ የተሠራ የማነጣጠሪያ መነጽርም ይህ የሁለት ወገን ንዝረት ይሰብረዋል። እኔ በብረት ማነጣጠሪያዋ ነው የምተኩሰው። ሞላዋን ጨምቄ ለረጅም ጊዜ አላስቀምጥም፣ ያለ እርሳስም ቃታ አልስብም፣ ፒስተኑ አየር ሳያግደው በባዶ ሄዶ ስለሚላተም።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። እርሳስ መርዝ ነው። ጣውላው ላይ የቀረውንም ለቅሜ በጣሳ አስቀምጣለሁ። ዶሮ የምትጭርበት መሬት ላይ እንዲቀር አልፈልግም።

አይጦቹስ? እውነቱን ልናገር። በሁለት ወር ውስጥ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት 31 ነው። ማታ ማታ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከመኖው ጀርባ አፈር የሞላ ጆንያ አቁሜ፣ ከስድስት ሜትር ባልበለጠ ርቀት። ያልተረጋጋች አይጥ ላይ አልተኩስም፣ ጆንያው በሌለበት አቅጣጫም አልተኩስም። ሁለት ሌሊት ሙሉ አንዴም ሳልተኩስ ገብቻለሁ። ግን አንዲት አይጥ ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ አርግዛ ስድስትም አሥርም ትወልዳለች። በዚህ ሒሳብ በጠመንጃ ብቻ ማሸነፍ አይታሰብም። መጋዘኑን ያዳነው ሌላ ነው። መኖውን ክዳን ባላቸው የብረት በርሜሎች አደረግሁ። ወለሉን ሲሚንቶ አስለሰንኩ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ለአይጥ በር ስለሆነ የበሩን ሥርና የጣሪያውን ጥግ በወንፊት ሽቦ ዘጋሁ። ጠመንጃዋ የጠቀመችኝ ውስጥ የቀሩትን አሮጌዎቹንና ወጥመድ የለመዱትን ለመጨረስ ነው። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም፣ ግን ልኩን ማወቅ ይገባል።

ድንቹን የሚቆፍረው ጃርት ነው። ሰዎች «ለእሱስ ምን አለህ?» ይሉኛል። ለእሱ ጠመንጃ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ከሕጉም ሌላ በዚህ ጉልበት ጃርት አይሞትም፣ ቆስሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሲሰቃይ ይከርማል። ጅብማ ጭራሽ አይነሳ። በሃያ ሁለት ጅብ የሚመታ ሰው የቆሰለ ጅብ ሰፈር ውስጥ መልቀቁ ነው። ለጃርቱ የድንቹን ዙሪያ ሁለት ክንድ ቆፍሬ አሮጌ ቆርቆሮ አቁሜ ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ አልገባም። እርግብና ቁራም ይመጣሉ፣ መኖ እስካልተበተነ ድረስ አይቆዩም። ወፍ ላይ አንዴም አላነጣጠርኩም፣ አላነጣጥርምም። ወደ ላይ የተነጣጠረች አፈሙዝ ጀርባዋ ሰማይ ነው።

የአየር ጠመንጃዋ በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ ናት፣ እርሳሶቹ በሌላ ቁልፍ። የጎረቤት ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ድምፁን ሰምቶ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል። «ጋሼ አንዴ ልተኩስባት» ይለኛል። እናቱን ሳላስፈቅድ እንደማይሆን ነገርኩት። እናቱ ደግሞ ሃምሳ አለቃ ካሉበት ብቻ አሉ። ሃምሳ አለቃም እሺ አሉ፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጁን ያስያዙት ቀጥ ያለ የመጥረጊያ እንጨት ነው። በእንጨቱ ወደ ሰው ባመለከተ ቁጥር ትምህርቱ ለዚያ ቀን ያበቃል። በመጀመሪያው እሑድ በአምስት ደቂቃ ነው የተባረረው። በሦስተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ቆየ።

የአባቴ ጠመንጃ ደረሰኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፈቃዱ በስሜ ሲወጣ ምን እንደማደርጋት ገና አልወሰንኩም። ጀርባው እውነተኛ የአፈር ግድብ የሆነ፣ ሕግ የሚያውቀው የመተኮሻ ቦታ ካገኘሁ አንድ ቀን በ50 ሜትር ልሞክራት እፈልጋለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ግን አትተኮስም።

ባለፈው እሑድ ልጁ መጥረጊያውን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛዋን ያዘ። ሃምሳ አለቃ ከጀርባው በርከክ አሉና «ከኢላማው ጀርባ ምን አለ?» አሉት።

«ጣውላ።»

«ከጣውላው ጀርባስ?»

«አፈር።»

«ከአፈሩ ጀርባስ?»

ልጁ አፈሙዟን ዝቅ አድርጎ መሬት ላይ አሳረፋት። ተነሳ። ጆንያዎቹን ዞሮ ሄደና ከጀርባቸው ያለውን አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን መንገድ አይቶ ተመለሰ። «ሰው የለም» አላቸው። «አሁን ግን አንዲት ሴትዮ እየመጡ ነው።»

እስኪያልፉ ጠበቅናቸው።